ሱሉልታን የማያውቅ መመሪያ

ሰበታ ውስጥ አንድ አናጺ ነበሩ። አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ በርና መስኮት ይሠራሉ። የሠሩት አልጋ ሦስት ቤት ቀይሮ አሁንም አይንቋቋም እየተባለ ይወራላቸዋል። በሙያቸው አንድ እምነት ነበራቸው፦ የተጠራጠርከውን መጋጠሚያ ጣውላ ደርብበት። ቡራዩ፣ ገፈርሳ ግድም ደግሞ የእህታቸው ልጅ ይኖራል፤ ሞባይል ጠጋኝ ነው። እሱም አንድ እምነት ነበረው፦ የተጻፈውን እንደተጻፈ ፈጽም። አናጺው በዕድሜያቸው አንድም መመሪያ አንብበው አያውቁም። ልጁ ደግሞ መመሪያውን ሳያነብ የከፈተው ዕቃ የለም። (ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ ምሳሌዬ ግን ለየብቻ ስለሚፈልጋቸው እንደ ድሮው ልጥራቸው።)

የልጁ አክስት ከዋሽንግተን ስትመጣ ረጅም ካርቶን ይዛለት መጣች። ካርቶኑ ላይ በሰማያዊ ባሕር ዳርቻ ዝቅ ብላ የምትበር ቀይ አውሮፕላን ፎቶ አለ። ሲከፈት ግን ያለው እንጨት ነው። በማሽን የተቆረጡ ስስ የባልሳ ሰሌዳዎች፣ ቀጫጭን ዘንጎች፣ መሪ ክፍሎቿን የሚያንቀሳቅሱ አራት ትንንሽ ሰርቮዎች፣ አንድ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ባለ 10 ኢንች የፕላስቲክ ፕሮፔለር፣ በካውያ ሙቀት የሚለጠፍ ቀይ ሽፋን፣ ሪሞቱና ሪሲቨሩ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ መመሪያ። ባትሪውን አክስት ለብቻው በእጅ ቦርሳዋ ነው የያዘችው፤ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በጭነት ክፍል አይገባምና።

ልጁ ካርቶኑን ታቅፎ አደረ ማለት ይቀላል። ገፈርሳ ያደገ ልጅ አውሮፕላን ቢወድ አይፈረድበትም። የኢትዮጵያ መንግሥት ያስመጣት የመጀመሪያዋ አውሮፕላን፣ ፖቴዝ 25፣ በፈረንሳዊው አብራሪ በአንድሬ ማዬ እጅ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ያረፈችው እዚያው ገፈርሳ ሜዳ ላይ ነው። ያኔ የገፈርሳ ግድብ ገና አልተሠራም ነበር።

ሥራው ሰበታ ተጀመረ፤ ደልዳላ ጠረጴዛና ሞርሳ ያለው አጎቱ ቤት ነው። ልጁ ፕላኑን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ሙጫው ከወረቀቱ ጋር እንዳይያያዝ በስስ ላስቲክ ሸፈነው። ከዚያ የክንፉን አጥንቶች አንድ በአንድ በመስመራቸው ላይ አቁሞ በስፒል ያዛቸው። አናጺው አንዱን የባልሳ ሰሌዳ አነሡና በመዳፋቸው መዘኑት። ደግመው መዘኑት።

«ይህ እንጨት ነው ወይስ የእንጨት ወሬ?» አሉ።

ባልሳ በብዛት ከኢኳዶር የሚመጣ እንጨት ነው። እኛ የምናውቀው ወይራ ስድስት እጥፍ ያህል ይከብደዋል። አናጺው ግን እጃቸው እጅ ነውና ጥቂት ሲሠሩ ለመዱት። ቢላው ሲጫን እንደሚደቅቅ፣ በስለት ብቻ እንደሚቆረጥ፣ የብርጭቆ ወረቀት ሁለቴ ሲያልፍበት እንደሚያልቅ ገባቸው። ሽፋኑን በካውያ ሲለጥፉትማ ልጁ ዝም ብሎ አያቸው። ጨርቅ ሳይሸበሸብ ሶፋ የሚያለብስ ሰው ቀይ ፕላስቲክ አያቅተውም። ልጁ በበኩሉ የኤሌክትሪኩን ያዘ። የሞተሩን ሦስት ገመዶች ከመቆጣጠሪያው ጋር በስታኞ አያያዘ። ሞተሩ በተቃራኒ ዞረበት፤ ከሦስቱ ሁለቱን አቀያየራቸው፣ አበቃ። ፕሮፔለሩን ገና አላሰረውም ነበር፤ ሰርቮ እየፈተነ ጣት የሚያስቆርጥ ሰው አለ። ሪሞቱን ወደ ቀኝ ሲያጋድል የቀኙ ክንፍ ኤለሮን (የኋላ ጠርዙ ተንቀሳቃሽ ክፍል) ወደ ላይ መነሣቱን አየ፤ አብዛኛው ሰው የሚጠብቀው ተቃራኒውን ነው፤ ስንቱም ሞዴል በመጀመሪያው ደቂቃ የሚከሰከሰው በዚህ ነው።

ልጁ ወደ ቡራዩ በተመለሰበት አንድ ምሽት አናጺው ከጭራው ጋር ተፋጠጡ። ሁለት ስስ የባልሳ ሰሌዳ፣ በመካከል አንድ ቀጭን ዘንግ። ጣት ቢጫነው ይሰበራል። እንዲህ ያለውን ነገር ከስማቸው ጋር አያይዘው ከቤታቸው ሊያስወጡ አልቻሉም። ኮምፔንሳቶ ቆረጡ፣ ኮላ ቀቡ፣ ከላይም ከታችም ደረቡበት፣ ሞርሳ ውስጥ አሳደሩት። በማግስቱ ቀዩን ሽፋን አለበሱት፤ ምንም አይታይም።

የታየው በሚዛኑ ቀን ነው። መመሪያው የጮኸበት ቦታ ቢኖር ይህ ብቻ ነበር፤ ገጹን ሙሉ በደማቅ ቀለም አትሞታል። ከክንፉ የፊት ጠርዝ ወደ ኋላ 75 ሚሊ ሜትር ለክተህ ምልክት አድርግ። ምልክቱ ላይ በሁለት ጣት አንሣው። አፍንጫው በጣም ጥቂት ዘንበል ይበል ወይም ቀጥ ብሎ ይቁም። ጭራው የሚወርድ ከሆነ አታብረው። ልጁ በሁለት ጣቱ አነሣት። ጭራዋ ዝቅ ብሎ ጠረጴዛውን መታ።

«ጋሼ፣ ጭራዋን ምን አደረጓት?»

«አጠነከርኳት።»

«መመሪያው እኮ…»

«መመሪያህ አልጋ ሠርቶ ያውቃል?»

ልጁ አጎቱን መልሶ መናገር ከበደውና ዝም አለ። ብዙ ነገር የሚሰበረው እንዲህ ባለው ዝምታ ነው።

ሱሉልታ ላይ፣ ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ፣ ሣር የሚያሳጭዱና ወተት የሚሸጡ አንዲት እናት ሜዳ አላቸው። ኅዳር ላይ ሣሩ ታጭዶ ሲከመር ሜዳው ዓይን እስከሚደርስ ይገለጣል። አጎትና ልጅ እዚያ ለማብረር አስፈቅደው ነበር። (የመንግሥቱን ፈቃድ ለምሳሌው ስል ዘልዬዋለሁ፤ በሪሞት የሚበር ነገር ማስገባትም ማብረርም በእውኑ ዓለም የሚዘለል ጉዳይ አይደለም።) የሱሉልታ ሜዳ በአገሩ ሰው እጅ የተሠራ አውሮፕላን ሲሞከርበት ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ2007 ዓ.ም. ሰኔ ላይ አስመላሽ ዘፈሩ ራሱ ገጣጥሞ የሠራትን፣ ራሱ የሚሳፈርባትን ኬ-570ኤ ሊያስነሣ የሞከረው በዚያው በሱሉልታ ነው። ኬ የእናቱ የኪሮስ ስም ነው፤ 570 ሥራው የፈጀበት ቀን። ሞተሯ ከቮልስ መኪና የተወሰደ ነበር። ያን ቀን አልተነሣችም። ሰውየው ግን እንደገና ወደ ሥራው ተመለሰ። ልጁ ይህን ታሪክ በቃሉ ያውቀዋል፤ አናጺው ከሰሙት ሁሉ የወደዱት የሞተሩን ነገር ነው።

በማለዳ ደረሱ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ስለሚነሣ የሞዴል ሰው የጧት ሰው ነው። ልጁ ሪሞቱን ያዘ፤ በኮምፒውተር ላይ ለወራት ተለማምዷል። አናጺው አውሮፕላኗን ከፍ አድርገው ወረወሩ። አፍንጫዋ ሽቅብ ወጣ፣ ልጁ ወደ ታች ቢያዝዛትም አልሰማችም፣ አየር ላይ ቆመች፣ ከዚያም በአንድ ክንፏ ተገልብጣ ወደቀች። ጭራ የከበዳት አውሮፕላን ሁልጊዜ የምታደርገው ይህንኑ ነው። ክንፏ ተሰበረ፣ አፍንጫዋ ተጨፈለቀ። ኮምፔንሳቶ የተደረበበት ጭራ ብቻ ጭረት እንኳ አልነካውም።

አናጺው ጭራውን በእጃቸው ይዘው ለረጅም ጊዜ አዩት። «ለዚህ ነው የጠነከረው?» ብለው ራሳቸውን ጠየቁ። ልጁ አልሳቀም፤ ይህንን ለሱ እቆጥርለታለሁ።

ክንፉን መጠገን ለአናጺ ቀላል ነው። ኮምፔንሳቶውን መንቀል ግን አልተቻለም፤ ኮላቸው ኮላ ነው። ስለዚህ አፍንጫው ላይ እርሳስ መለጠፍ ግድ ሆነ። እዚህ ላይ ሒሳቡ አናጺውን አስደነገጣቸው። ጭራው ከሚዛኑ ነጥብ 60 ሳንቲ ሜትር ይርቃል፤ አፍንጫው 20 ብቻ። ስለዚህ ጭራ ላይ የተጨመረ 30 ግራም ኮምፔንሳቶ አፍንጫ ላይ 90 ግራም እርሳስ ይጠይቃል። 30 ግራም ጥንካሬ ለማግኘት 120 ግራም ተከፈለ። አሁን ምልክቱ ላይ ሲያነሷት ቀጥ ብላ ቆመች። አናጺው ለመጀመሪያ ጊዜ መመሪያውን አምጣው አሉ፤ ገጹንም በመነጽራቸው ተመለከቱት፤ የተጻፈበትን ቋንቋ ባያነቡትም ሥዕሉን አዩ።

ልጁ ተደሰተ። ከዚህ ወዲያ ሁሉም ነገር እንደተጻፈው ይሆናል ብሎ አሰበ። ተሳሳተ፤ የምሳሌው ዋናው ነገርም ከዚህ ይጀምራል።

ወደ ሱሉልታ ተመለሱ። መመሪያው፦ ፊትህን ወደ ነፋሱ አዙር፣ ሞተሩን ከግማሽ ጥቂት አሳልፈህ ክፈት፣ አውሮፕላኑን ቀጥ አድርገህ በለሰለሰ እጅ ልቀቀው፣ ራሱ ይወጣል ይላል። ልጁ አጎቱን በለሰለሰ እጅ አስለቀቃቸው። አውሮፕላኗ ቀጥ ብላ ወጣች፣ ምንም ሳትወዛወዝ ሄደች፣ ምንም ሳትወዛወዝ ዝቅ እያለች ሄዳ ሣሩ ላይ ተኛች። አልተሰበረችም። ደገሙት። ያው ነው። ሞተሩን እስከ መጨረሻው ከፍተው ደገሙት፤ ትንሽ ራቀች፣ ያው ተኛች።

«መጽሐፉ ዋሽቷል» አሉ አናጺው።

«መጽሐፉ አይዋሽም ጋሼ፤ የሆነ ቦታ ያጠፋነው እኛ ነን።»

ከዚህ በኋላ ሁለቱም በየፊናቸው ከፉ። ልጁ ክንፉን ከፕላኑ ጋር እያስተያየ በየሚሊ ሜትሩ ጥፋት ይፈልግ ጀመር፤ የአጎቱን ጥገና ተጠራጠረ፣ የገዛ ስታኞውን ተጠራጠረ፣ አንድ ሌሊትማ ሪሲቨሩን ፈታትቶ አደረ። ያልተጠራጠረው ነገር አንዱ ብቻ ነበር፤ የተጻፈው። አናጺው ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ሮጡ። አንዴ የዋሸ ሁልጊዜ ይዋሻል አሉ። የለሰለሰ እጁ ውሸት ከሆነ 75 ሚሊ ሜትሩም ውሸት ነው፤ ያን ሁሉ እርሳስ የተሸከመችው በከንቱ ነው፤ አንሣውና ትቅለል፣ ያኔ ትበራለች። ቢላቸውን ይዘው ወደ አፍንጫዋ ተጠጉ። ልጁ በዚህ ጊዜ ዝም አላለም።

«ጋሼ፣ እባክዎ። ሌላውን ሁሉ ይንኩ፣ እሱን አይንኩት።»

የሜዳው ባለቤት ጭቅጭቁን ሰምተው ወተት ይዘው መጡ። ሰላምታው በኦሮምኛ ሆነ፤ ወሬው ወደ አማርኛ ዞረ። ካርቶኑን አገላብጠው ፎቶውን አዩ።

«ይህ የት ነው የሚበረው?»

«ባሕር ዳር ነው እማማ» አለ ልጁ።

«ታዲያ ባሕር ዳር ወስዳችሁ አታበሩትም? እዚህ ድረስ ምን አመጣችሁ?»

ልጁ የጣናውን ሳይሆን የጨው ባሕሩን ዳርቻ ማለቱ መሆኑን ሊያስረዳ ጀምሮ አፉ ላይ ቀረ። ከአስፋልቱ ማዶ የውጭ አገር ሯጮች እያለከለኩ ያልፋሉ። ሱሉልታ በሯጮች የታወቀች ናት፤ ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ሜዳ ሠርቶባታል፤ እንግሊዛዊው ሞ ፋራህም ሰንብቶ ተለማምዶባታል። ከ2500 ሜትር በላይ ነች፤ አየሯ የሳሳ ስለሆነ ነው የሚመጡት። ይህን የማያውቅ የለም። ልጁም ያውቀዋል። ያላሰበበት ምክንያትም ጥሩ ምክንያት ነበር፦ ሯጭ ይተነፍሳል፣ ቤንዚን ሞተርም ይተነፍሳል፣ እዚህ ከፍታ ላይም ያለ ተርቦ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አይተነፍስም። ከባትሪው ያገኘውን ይዞ ይዞራል፤ ሱሉልታም ሆነ ምጽዋ ለሱ አንድ ነው።

ይህን ለማረጋገጥ ብሎ አምፔር መለኪያውን አወጣ። ባትሪው ሙሉ ነው፤ 12.6 ቮልት። አውሮፕላኗን አጎቱ ያዙለት፣ ሞተሩን እስከ መጨረሻው ከፈተ። መመሪያው በዚህ ፕሮፔለር 22 አምፔር ይላል። መለኪያው 18 አሳየ።

«ታሟል» አለ ልጁ። «የሚገባውን ያህል እየሳበ አይደለም።»

«ድምፁስ?» አሉ አናጺው።

«ድምፁማ ከፍ ያለ ነው። እንዲያውም ፈጥኖ ነው የሚዞረው።»

«እየፈጠነ፣ ግን ሳይደክም?»

«አዎ።»

አናጺው ወተታቸውን አስቀመጡ። «ብሎን በበሰበሰ እንጨት ውስጥ እንዲህ ነው የሚዞረው። እጅህን ይቀለዋል፤ ደስ ይልሃል። የነከሰው ነገር ግን የለም።»

ልጁ ወደ ፕሮፔለሩ አየ፣ ከዚያ ወደ ክንፉ። ሞተሩ አይተነፍስም፤ ትክክል። አየሩን የሚነክሱት ግን እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ የሚነክሱት ደግሞ እዚህ ሩብ ያህል ጎድሏል። አንድ ዓይነት ክብደት በሳሳ አየር ለመሸከም ክንፍ በ15 በመቶ ያህል መፍጠን አለበት። ባሕር ዳርቻ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ላይ የምትነሣ አውሮፕላን ሱሉልታ ላይ 35 ገደማ ትፈልጋለች፤ ፕሮፔለሯ ግን ያንን ፍጥነት የሚሰጥበት ጉልበት አጥቷል። የለሰለሰው እጅ የማን እጅ እንደሆነ አሁን ታወቀ።

መድኃኒቱ የሚነክሰውን ማስፋት ነው፤ ባለ 11 ኢንች ፕሮፔለር። የሚሸጥበት ቦታ አልተገኘም። አናጺው ከመጥረቢያ እጀታ የተረፈ ወይራ ነበራቸው። ከፕላስቲኩ ላይ ቅርጹን ወሰዱ፣ ጫፉን አስረዘሙ፣ ጠመዝማዛውን በቢላና በብርጭቆ ወረቀት አወጡት። ይህ የእንጨት ወሬ ሳይሆን እንጨት ነው። ሲጨርሱ መሐሉን በመርፌ ላይ አስቀምጠው የትኛው ክንፉ እንደሚወርድ አዩ፤ የወረደውን ወገን ፈቀፈቁ፤ እንደገና አስቀመጡ። ይህን ያለማንም መመሪያ ነው ያደረጉት፤ ያልተመዛዘነ የሚዞር ነገር ሁሉ ቤቱን እንደሚያፈርስ ከመጋዛቸው ያውቃሉ። ወይራው ከፕላስቲኩ በ20 ግራም ይከብዳል። ክብደቱ ያረፈው ደግሞ አፍንጫ ላይ ስለሆነ ልጁ ከእርሳሱ 20 ግራም አነሣ። 75 ሚሊ ሜትሩ ላይ አንሥቶ አረጋገጠ። መለኪያው 23 አምፔር አለ፤ መቆጣጠሪያው ከ30 አትለፍ ስለሚል ልጁ ደስ አለው፤ ያቺን ገደብ አላለፋትም።

በረራው አጭር ወሬ ነው። አናጺው ሮጠው በሙሉ ክንዳቸው ወረወሯት። ልጁ ወዲያው ሽቅብ አላዘዛትም፤ መጀመሪያ ፍጥነት እንድትሰበስብ ከሣሩ በላይ ዝቅ አድርጎ ነዳት፣ ከዚያ አነሣት። በረረች። ስታርፍ ግን ሁለቱም የረሱት ነገር ነበር፤ ፈጥና የተነሣች ፈጥና ነው የምታርፈው። ሜዳውን ጨርሳ የእማማ የሣር ክምር ውስጥ ገባች። እማማ ከሁሉም በላይ የወደዱት ይህንን ነው።

ምሳሌው እስከዚህ ነው። ፍቺው አጭር ነው።

አጎትና ልጅ የተጣሉበት ጥያቄ «መጽሐፉ እውነት ነው ወይስ ውሸት?» የሚል ነበር። ጥያቄው ራሱ ጠማማ ነው። 75 ሚሊ ሜትሩ አውሮፕላኗ ከራሷ ጋር ያላት ጉዳይ ነው፤ የክብደቷ ከክንፏ ጋር። ውስጡ ከፍታ የለም፣ አገር የለም። የለሰለሰው እጅና 22 አምፔሩ ግን አውሮፕላኗ ከአየሩ ጋር ያላት ጉዳይ ነው፤ አየሩን ደግሞ ጸሐፊው ከመስኮቱ ውጭ ያለውን ነው የጻፈው። ሁለቱ በአንድ ወረቀት፣ በአንድ ቀለም፣ በአንድ የትእዛዝ አነጋገር ስለታተሙ አንድ መሰሉ። እኛም ከውጭ በሚገባ ነገር ሁሉ፣ በሥርዓተ ትምህርቱ፣ በሕንፃው ዲዛይን፣ በዘሩና በማዳበሪያው መጠን፣ እንደነዚህ ሁለት ሰዎች እንከራከራለን። አንዱ ወገን ዓለም አቀፍ ደረጃ ነውና ነጥቧ አትነካ ይላል፤ ሳይበር ሲቀር ጥፋቱን በገዛ ሕዝቡ እጅ ላይ ይፈልጋል። ሌላው አንዲት የማትሠራ ገጽ ሲያገኝ መጽሐፉን በሙሉ ይጥላል፤ ቢላ ይዞ ወደ ሚዛኑ ይጠጋል። ሁለተኛው ይበልጥ ያስፈራኛል። የመጀመሪያው ወገን አውሮፕላን ሣር ላይ ነው የሚተኛው፤ የዚህኛው ግን በአፍንጫው ይተከላል።

ይህን መለየት የሚያውቁ ሰዎች አገራችን ውስጥ አሉ፤ ሩቅም አይደሉም። ያንን ካርቶን ያመጣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ከዋሽንግተን ተነሥቶ ሳያርፍ አዲስ አበባ ይገባል። ሲሄድ ግን መንገድ ላይ ወርዶ ነዳጅ ይሞላል፤ እንደየጊዜው ደብሊን ወይም ሎሜ ወይም ሮም። ከፊት የሚመጣው ነፋስ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው የቦሌ ከፍታ ነው። የዋሽንግተኑ ዳለስ ከባሕር ጠለል 100 ሜትር የማይሞላ ሲሆን ቦሌ 2300 ሜትርን ያልፋል፤ በዚያ አየር ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ተሳፋሪ ይዞ መነሣት አይቻልም። አብራሪዎቹ አምራቹ ዋሽቶናል አይሉም፤ ቦሌንም ባሕር ዳርቻ አያደርጓትም። ለዚያ ከፍታና ለዚያ ቀን ሙቀት የተሠራውን ሠንጠረዥ ከፍተው ክብደቱን ያሰላሉ። የትልቁ አውሮፕላን መጽሐፍ ያ ገጽ አለው። የትንሿ ሞዴል መመሪያ የለውም፤ ወደ እኛ የሚመጡት አብዛኞቹ መጻሕፍትም የላቸውም፤ ገጹን መጻፍ የሚቀረው ለአናጺውና ለልጁ ነው።

እነሱም የጻፉት ገጽ የሱሉልታ ነው። በኋላ ልጁ ሰመራ የሚሠራ ወዳጁ ዘንድ አውሮፕላኗን ይዞ ወረደ። ሰመራ ከ500 ሜትር በታች ነው፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ቢያልፍም አየሩ ከሱሉልታው ይወፍራል። የወይራው ፕሮፔለር ያንን አየር ሲነክስ መለኪያው 27 አምፔር አለ፤ በዚያ ትኩሳትም የሚያበርደው ነፋስ ስላጣ ሞተሩ እጅ አያስነካም ነበር። ልጁ የአጎቱን ሥራ ፈትቶ ኪሱ ከተተና ከካርቶኑ የመጣውን የፕላስቲክ ፕሮፔለር አሰረ፤ መለኪያው ወደ 20 ወረደ። ከዚያ 75 ሚሊ ሜትሩ ላይ በሁለት ጣቱ አንሥቶ ጭራዋ ሲወርድ አየና ሱሉልታ ላይ የቀነሰውን 20 ግራም እርሳስ መልሶ ለጠፈባት።